መጥተህ ሞክረው

«ቁልፉ አሁንም ይሠራል?»

ስድስት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው እናቱ ጋ ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀው ይኼንን ነው። ደህና ነሽ ወይ አላለም፤ ጉልበትሽስ አላለም። እናቱ እህቴ ናት፤ ዓይኗ ስለደከመ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ፣ ድምፁን ለቃ ነው የምታወራው፤ ስለዚህ ጥያቄውን ልጇም ሰማችው። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው የተቀመጠው። እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ልጁ ቀጠለ፤ ሲታሰር የተረከቡትን ዕቃ ዛሬ ጠዋት በላስቲክ አድርገው መልሰውለታል፤ ቀበቶው አለ፣ የቆመች የእጅ ሰዓቱ አለች፣ የቤቱ ቁልፍም አለ። እህቴ ጎረቤት ጨው አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ይመስል «መጥተህ ሞክረው» አለችው። አስር ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብሎ ዘጋ። ልጅቷ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተች፣ በውሃው ድምፅ ተከልላ ለእኔ ደወለች።

«አጎቴ፣ ቁልፉን ቀይርልን። አሁኑኑ።»

«የምን ጎርፍ ነው የምሰማው?» አልኳት።

«እየመጣ ነው» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የያዝኩት ሞረድ ከእጄ ወድቆ የእግሬን አውራ ጣት አገኘው፤ አልጮህኩም፤ እኔ ሳልጮህ የቀረሁበት ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

እኔ ቁልፍ ሠሪ ነኝ። ከገበያው ጀርባ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ አለኝ፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ በመሰላል የሚወጣ፣ የተሰበረ ዕቃ የምጥልበት ቆጥ አለ። ቆጡን አትርሱት። ሰፈሩ ቀደዳው ይለኛል፤ ቅር አይለኝም። በትምህርቴ ብዙ አልገፋሁም፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ርዕሰ መምህሩን ቢሮው ውስጥ ቆልፌበት ቁልፉን መጸዳጃ ጉድጓድ ጣልኩትና እኔና ትምህርት በዚያው ተለያየን። ያንን በር ሊከፍት የመጣውን ሰውዬ ቆሜ ሳየው ነው ሙያዬን የመረጥኩት። ወሬ ሳወራ ትንሽ ጨመር አደርጋለሁ። የባንክ ካዝና በፀጉር መያዣ ሽቦ ከፍቼ፣ ሥራ አስኪያጁ እንባውን በክራቫቱ ሲጠርግ አየሁት ብዬ ለግማሽ ከተማ አውርቻለሁ፤ ባንክ ገብቼ የማውቀው ወረፋ ለመጠበቅ ነው። ሰው ይስቃል፣ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። ያንን ወሬ ከልቡ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የእህቴ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላው ሥራ ሊማር ሱቄ ገባ። ቀጭን ስለሆነ ሽቦ አልነው፤ በኋላ ለካ ስሙ ትንቢት ኖሯል። እኔ ግማሽ ሰዓት የምታገለውን በር እሱ እያፏጨ ይከፍተዋል። መጀመሪያ ቁልፍ የጠፋበትን ሰው በር ከፈተ፣ ከዚያ ማንም ክፈት ያላለውን ሱቅ መክፈት ጀመረ፣ ከዚያ መጠጡ መጣ። አንድ ቀን ሰክሮ ገብቶ እህቱን ብር ጠየቃት፤ የለኝም ስትለው በመዳፉ ግራ ጆሮዋን መታት። ታምቡሩ ተበጠሰ። ዛሬም በዚያ ጆሮ አትሰማም።

ፖሊስ ሲፈልገው ያለበትን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ቆጤ ላይ ደበቅኩት፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ በራሴ እግር ሄጄ እዚያ አለ ያልኩ እኔው ነኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የተያዘበት ቀን ሲነሳ «እኔ እኮ የዚያን ዕለት ከተማው ውስጥ አልነበርኩም» እላለሁ፤ ሄድኩበት የምለው አገር በየዓመቱ እየራቀ አሁን ባሕር ሊሻገር ምንም አልቀረው። እሁድ እሁድ እህቴ ቤት ምሳ እበላለሁ፤ ይኼንኑ እያወራሁ እጎርሳለሁ፤ እሷም ሰሃኔን ትሞላልኛለች። እንግዲህ ልጅቷ እየመጣ ነው ስትለኝ ለጆሮዋ የደነገጥኩ እንዳይመስላችሁ። ለራሴ አንገት ነው። ስድስት ዓመት ጣሪያ እያየ የተኛ ሰው ማን እንደጠቆመበት ሳይደርስበት አይቀርም ብዬ።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ ደረጃው ሃምሳ ሁለት ነው። የፒን ሳጥኔንና ሱቅ የቀረጽኩትን አዲስ ቁልፍ ይዤ ስወጣ በየመታጠፊያው ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቀኝ ነበር፤ አንገቷ ላይ መለኪያ ሜትሯ ተንጠልጥሏል፣ ከንፈሯ ላይ ሁለት መርፌ ነክሳለች። መርፌዎቹን አውጥታ በሹክሹክታ አስረዳችኝ። ቁልፉ የሚገባበትን ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ እንዳልቀይር፣ ከውጭ ያው እንዲመስል፣ የውስጡን ብቻ እንድለውጥ፤ ለእናቷ ዘይት ሊቀባ መጣ እንደምትል፣ ከዚያ እናቷ አንገት ላይ ያለውን አሮጌ ቁልፍ በአዲሱ እንደምትለውጠው። ነገሩን ሁሉ በልኩ ቆርጣ ጨርሳዋለች፤ የቀረው መስፋት ነው። በሩን ከውስጥ ሳየው ያኔ እሱ በታሰረ ሰሞን እኔው የገጠምኩት ትልቅ መቀርቀሪያ አለ። ጫፉ ላይ የግድግዳው ቀለም አብሮ ተቀብቶበት ከነማቀፊያው ተጣብቋል። አንዴም እንዳልተገፋ ያስታውቃል።

«ይኼስ ምን ሆኖ ነው? ይኼን ብትገፊው እኮ ቁልፉን መቀየር አያስፈልግም።»

«እማ አታስነካም» አለች። «መቀርቀሪያ ከተገፋ ከውጭ ያለ ቁልፍ አይሠራም፤ በድንገት ቢመጣስ ትላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳንቀረቅር ነው የተኛነው። እኔ ደህናውን ጆሮዬን ወደ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው፣ በሩን እንድሰማ። በግራ ጎኔ ብቻ ስተኛ ስድስት ዓመቴ። ትከሻዬ ጎብጧል፣ አይታይህም?»

ሳየው እውነትም አንዱ ትከሻዋ ከአንዱ ዝቅ ብሏል። የዘይቱን ጣሳ አንኳኳሁ።

«ማነው? ቀደዳው ነህ? ና እስቲ ወዲህ» ብላ እህቴ ከወጥ ቤት ተጣራች። ድንች እየላጠች ነው፤ ዓይኗ ደክሞ ጣቷ ነው የሚያየው፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። ሦስት ሰሃን አጥባ ደፍታለች። አራተኛው ጭኗ ላይ ነው።

«ዘይት ልትቀባ ነው?»

«አዎ እትዬ፣ በሩ ይጮሃል አለችኝ።»

«በሩ አይጮህም።»

«ሳይጮህ ነዋ የሚቀባው።»

«እኔ ዓይኔ ነው እንጂ የታመመው ጆሮዬ ደህና ነው። ቧንቧ ከፍቶ ስልክ የሚያወራ ሰው ምን እንደሚያወራ አላጣውም» አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንተ ነህ ያስተማርከው። እስቲ ንገረኝ፣ ሽቦ የማይከፍተው በር አለ?»

«የለም» አልኳት። በዚህ አልዋሽም፤ የሙያ ጉዳይ ነው።

«እንግዲያው ቁልፉን መቀየሩ ምን ሊረባ? መግባት ከፈለገ በደቂቃ ይገባል። እኔ በሩን እንዲከፍተው አይደለም የምፈልገው። በሩ እንዲከፈትለት ነው። ቁልፉን አስገብቶ እምቢ ቢለው፣ እማ ጨርሳኛለች ብሎ ያንን ሁሉ ደረጃ ሲወርድ ይታይህ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔስ? አባታቸው የሞተ ጊዜ እግዚአብሔርን አንድ ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። ቤቱ አልሄድኩም፣ ስሙን አልጠራሁም። ስድቡንም ሰድቤዋለሁ፣ አንተ ነበርክ።»

ነበርኩ። እኔ እንኳን፣ በዚህ አፌ፣ ያን ዕለት ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

«አንድ ቀን ደክሞኝ ተመለስኩ። እንደ ተውኩት ነው ያገኘሁት፤ ያው ፍቅሩ፣ ያው ቦታው። የት ነበርሽ አላለኝም። በሰደብኩት ቁጥር ቁልፍ ቢቀይርብኝ ኖሮ ዛሬ የት እሆን ነበር? የሰው ፍቅር ይደክማል፤ የኔም ይደክማል፣ አልዋሽህም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጊዜው ሲያልቅብኝ ከሱ ነው እየተበደርኩ የምቀጥለው። አሁን ሂድና የምትቀባውን ቅባ።»

ወደ በሩ ተመለስኩና ሲሊንደሩን መፍታት ጀመርኩ። ልጅቷ ምን አለችህ ስትለኝ እንደ ፖስተኛ ቃል በቃል አደረስኩላት። ደህናውን ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችኝ። «አጎቴ፣ እኔም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው የምዘምረው» አለች በመጨረሻ። «እግዚአብሔር ይውደደው፤ መቼ አይውደደው አልኩ? ግን የእግዚአብሔር ጆሮ አይበጠስም። የኔ ተበጥሷል።» ካቻቢቴዬ ብሎኑ ላይ እንዳለ ቆመ። ሁለቱም ትክክል ሆነውብኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ አንዳቸው ይሳሳቱልኛል፣ እኔም ከሌላዋ ጋር ሆኜ እስቃለሁ። ከወጥ ቤት እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ሁለቱ ዘጠኝ እርምጃ ላይ ተቀምጠው በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት፤ በቀጥታ አንዲት ቃል አልተባባሉም። የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። ድንቹ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ሲሊንደሩን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈታታሁት። የቁልፍ ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ ይኖራል፤ አምስት የነሐስ ፒኖች አሉ፣ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ፤ በላያቸው አምስት ስፕሪንጎች፣ የትንኝ እግር የሚያካክሉ። ቁልፉ ሲገባ እያንዳንዷን ፒን በልኳ ያነሳታል፤ አምስቱም ልክ ሲመጡ ቁልፉ ይዞራል። አንዷ የፀጉር ያህል ከተዛነፈች አይዞርም። እጅ ሳይንቀጠቀጥ የሚሠራ ሥራ ነው። በሩ ደግሞ ቁልፉ የነበረበት ቦታ ላይ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ቀርቷል፤ በቀዳዳው የደረጃው ብርሃን ይታያል፣ ድምፅ ሁሉ በዚያ ይገባል። ታች አንድ ሰው ሲያስል ደነገጥኩና አንዲት ፒን ከነስፕሪንጓ ተስፈንጥራ ሄደች። ልጅቷ መርፌ የምታነሳበትን ማግኔት ይዛ ወለሉን ስትጠርግ «ነሐስ በማግኔት አይነሳም» አልኳት። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነው። ያቺን የምታክል ፒን ሳጥኔ ውስጥ የለችም፤ ካልተገኘች አሮጌውም ቁልፍ እንዲሠራ ማድረግ አልችልም፤ ይኼን ግን ለልጅቷ መንገር አልችልም።

ያኔ እህቴ ከወጥ ቤት መጣች። ምንም ሳትጠይቅ ሶፋውን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች፤ ጉልበቷ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ከሁለት ወር ወዲህ የምትጸልየው እንኳን ወንበር ላይ ሆና ነው። በመዳፏ ወለሉን እየዳሰሰች፣ ከጨርቅ ቁራጭና ከክር መሃል ስትፈልግ ልጅቷም እኔም ቆመን አየናት። «ተይ እማ» ለማለት አንዳችንም አልደፈርንም። ሶፋው ሥር አገኘቻት። በእጄ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን በጣቶቿ ዘጋቻቸው። «አንተ ፈሪ ነህ እንጂ ክፉ አይደለህም» አለችኝ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ። ለምን እንዳለችኝ አልገባኝም። ላብ ግን አጠመቀኝ።

ቁልፍ ሠሪ የሚያውቃት አንዲት ሥራ አለች። በየፒኗ መሃል እንደ ሳንቲም ቀጭን የሆነች ቁራጭ ካስገባህ፣ ያቺ በር ሁለት የተለያየ ቁልፍ ትቀበላለች። ትልልቅ ሆቴሎች ይሠሩባታል፤ እንግዳው በራሱ ቁልፍ፣ ጠባቂው በራሱ። እሷን ሠራሁ። ለእምነት ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ የፈሪ ሥራ ነው። አንዷን እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው። አሮጌውን ቁልፍ ለልክ ነው ብዬ ከእህቴ አንገት ተቀበልኩ፣ ለካሁ፣ ቁራጮቹን ከተትኩ፣ ገጠምኩ። ልጅቷ አዲሱን ቁልፍ ሞከረችው፤ እንደ ቅቤ ዞረ። አሮጌውን ሳታየኝ ልሞክር ስል ከእጄ ቀማችኝና ኪሷ ከተተችው። ስለዚህ የሽቦ ቁልፍ ይሥራ አይሥራ አላውቅም። በእናቷ የአንገት ገመድ ላይ አዲሱን አንጠለጠለችላት። እህቴ ጥርሱን በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰችው። የሷ እንዳልሆነ አወቀች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ምንም ሳትል ደረቷ ውስጥ መለሰችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ በማያይ ዓይን ያን ያህል የታየሁበት ቀን የለም።

ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሳጥኔን አንስቼ ልወጣ ተነሳሁ።

«የት?» አለች ልጅቷ።

«ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ቁልፍ ሠሪው? ሱቅ ክፍት ትተህ?» አለችና በሩ ላይ ቆመች። «ሁለት ሴት ብቻችንን ጥለኸን አትሄድም።»

እንግዲህ ሦስታችን ሶፋው ላይ፣ ፎቶ የሚነሳ ቤተሰብ መስለን ተደረደርን። ልብሴ ላይ የተሰካው እስክሪብቶ በልቤ ምት ብቻ ይነቃነቅ ነበር፤ ወረቀት ብታስጠጉለት ይጽፍ ነበር። አስር ሰዓት ሆነ። እርምጃ ሰማን፤ ከባድ ነው፣ በየመታጠፊያው ያርፋል፣ ይወጣል። በራችን ላይ ደርሶ ቆመ። በኃይል ሲደበድብ ከሶፋው ያለ እግሬ እርዳታ ተነሳሁ።

«ቆጣሪ!»

የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ልጅቷ ከፍታ አስገባችው። ቁጥሩን ጽፎ ሲወጣ ሦስታችንንም አየና ኮፍያውን አወለቀ፤ «ነፍስ ይማር፤ ማንን አጣችሁ?» አለን። ማንም አልሳቀም። በሩን ቆለፈችው። አንዴ ደንግጠን ድንጋጤው አላለቀም።

ሲመጣ እርምጃ አልሰማንም። እስር ቤት ቀስ ብሎ መራመድ ይለመዳል መሰለኝ። መጀመሪያ የሰማነው ቁልፉን ነው። ሰው ቁልፍ ሲያስገባ አንድ ድምፅ ይሰማዋል፤ እኔ አምስት ነው የምሰማው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቆመ። ልጅቷ አይዞርም ብላ ስለተማመነች እኔን አየችኝ፤ ትልቁን የልብስ መቀስ ግን በሁለት እጇ ይዛለች። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ በአንድ በኩል አይዙር ብዬ ለመንኩ፤ ለአንገቴ። በሌላ በኩል ደግሞ ሳላስበው እባክህ ይዙርለት ብዬ ለመንኩ፤ ሁለቱንም ለአንድ አምላክ፣ በአንድ ትንፋሽ። እሱም ግራ ሳይገባው አልቀረም።

ቀጭ!

ዞረ። ልጅቷ ብድግ አለች። ቀለሟ እንደ ጨርቋ ነጣ። ደህናውን ጆሮዋን ወደ በሩ አዞረች፣ መቀሱን ደረቷ ላይ አስጠጋች። እጀታው ዝቅ ሲል ለማየት ሦስታችንም እጀታው ላይ አፈጠጥን። እጀታው አልወረደም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ እኔ የቆጠርኩት አንድ ዓመት ነው፣ ቢቀነስ ቢቀነስ አንድ ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ቁልፉ ወደ ኋላ ዞረ። ቀጭ! መልሶ ቆለፈው። ቁልፉ ወጣ። ቀጥሎ በጣት አንጓ፣ ቀስ ተብሎ፣ ሦስት ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም።

«እኔ ነኝ። እማ፣ ይሠራል።»

«ነገርኩህ እኮ» አለች እናቱ።

በበሩ ሥር የሆነ ነገር ተንሸራቶ ገባ። ቁልፉ ነው። «እህቴ፣ እሱን አንቺ ያዥው» አለ ከውጭ። «ልገባ አይደለም። እንደሚሠራ ማወቅ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

ልጅቷ ቁልፉን አላነሳችውም። መቀሱን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «እንዴት ሠራ?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። «የእግዚአብሔር ሥራ ነዋ እንግዲህ! ተአምር ነው።»

«አጎቴም እዚያ ነው እንዴ?» አለ ያ ድምፅ። «ሁለት ቁልፍ እንድትቀበል አድርገሃታል አይደል? ሦስተኛዋ ፒን ላይ እጄ ላይ ተሰማኝ። ግሩም ሥራ ነው።»

በሕይወቴ ሙያዬን ከሚያውቅ ሰው የተሰጠኝ ትልቁ ምስጋና ያ ነው፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። ልጅቷ እስክትናገር ጠበቅኩ። አልጮኸችም። «አጎቴ፣ ውጣልኝ» አለች።

«ውጭ እኮ እሱ አለ።»

«አውቃለሁ። ውጣ።»

በራሷ ቁልፍ ከፈተች። ሽቦ ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ እጆቹን እንዲታዩ ጭኑ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ እዚያ በር ሲከፈት እንዲህ ነው የሚቆመው ለካ። ጸጉሩ ሸብቷል። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ። ወደ ቤቱ ውስጥ አላየም፤ የእህቱን ጫማ ነው የሚያየው።

«ዛሬ አትገባም» አለችው።

«እሺ።»

«ነገም ላይሆን ይችላል።»

«እሺ።»

«መቀርቀሪያውን እገፋዋለሁ። ዛሬ በቀኝ ጎኔ ነው የምተኛው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሊገባው አይችልም፤ ግን እሺ አለ። ያኔ እህቴ ከኋላችን ግድግዳውን ይዛ መጣች። ልጇን በክንዷ ገለል አድርጋ «እሱ ካልገባ እኔ እወጣለሁ» አለች። ጉልበቷን ካመማት ጀምሮ ያንን ደፍ አልተሻገረችም። ተሻገረችው። ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፤ እሱ ከሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ፒኗን በፈለገችበት እጅ ፊቱን ትፈልገው ጀመር፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አዲስ የወጣውን ጠባሳ። ልጅቷ ቆማ አየቻቸው። ዞራ ገባች። በሩን ልትዘጋው ነው ብዬ ሳስብ ወንበር ይዛ ወጣች፤ «ሲሚንቶው ይበርድሻል እማ።» ተመልሳ ገባች። ሁለተኛ ወንበር ይዛ መጣች፤ ከእናቷ ወንበር ጎን አስቀመጠችው። «ለእሱ ነው» አለች፣ እኔን እያየች፤ እሱን ሳታይ።

ብርሃኑ መክሳት ሲጀምር እህቴ «ዛሬ አጎትህ ጋ ታድራለህ» ብላ ፈረደች። በእኔ ላይ ነው የፈረደችው። አንድ ምክንያት ልፈጥር አፌን ከፈትኩ፤ ሱቄ ተቃጥሏል ልል ነበር። ሽቦ ተነሳና የዕቃ ሳጥኔን ከእጄ ወሰደ፤ ያኔም እሱ ነበር የሚይዘው። ደረጃውን ስንወርድ ከኋላዬ ነው። ሃምሳ ሁለት ደረጃ፣ ሳጥኑ ውስጥ መዶሻ አለ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ከላይ መቀርቀሪያው ሲገፋ ሰማነው፤ የደረቀው ቀለም ሲሰነጠቅ ጭምር። ሽቦ ቆመ። «ጥሩ» አለ።

መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። ገበያው ጋ ስንደርስ «አጎቴ፣ አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ» አለኝ። እግሬ ሁለት እርምጃ ብቻውን ሄዶ ቆመ። «የያዘኝ ፖሊስ ለእማ ነግሯታል። በመጀመሪያው የጥየቃ ቀን ነገረችኝ። ‹አጎትህ ነው፤ እንዳትጠላው፤ ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ደግሞም ባይናገር የባሰ ታደርግ ነበር› አለችኝ። ሦስት ዓመት ጠላሁህ። ከዚያ ሰለቸኝ።»

እኔ ያን ጊዜ እሱን አላሰብኩም። ያሰብኩት እሁዶቹን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየእሁዱ፣ የዚያን ዕለት የነበርኩበትን አገር እያራቅኩ ስቀድላት፣ ተራራውን ስጨምር፣ ባቡሩን ስጨምር፣ እሷ ሁሉንም እያወቀች «ብላ እንጂ» እያለች ሰሃኔን ስትሞላ። በውሸቴ የምበላ መስሎኝ ነበር። ለካ ከመጀመሪያው በሩ በእኔም ላይ አልተቀየረም። ይኼን ለሰው ብነግረው ቀደዳ ነው ይለኛል።

ሱቁን ስከፍት እጄ ቁልፉን ማስገባት አቅቶት ሦስቴ ሳተ። ሽቦ ጠበቀኝ፤ አልነጠቀኝም። ገብቶ መሰላሉን አየ፣ ቆጡን አየ፣ ወደ ላይ ወጣ። ከላይ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ «አጎቴ፣ ዛሬስ የምትነግረው ሰው አለ?» አለኝ። ይሳቅ አይሳቅ ፊቱ አይታየኝም። ከአንገቴ የሱቁን ቁልፍ አውልቄ መሰላሉ ላይ ሰቀልኩለት። «ከውስጥ አንተ ቆልፈው» አልኩትና ወጣሁ።

መንገዱን ተሻግሬ የተዘጋ ሱቅ በር ጥግ ቆምኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ከውስጥ ቆለፈ፤ ሰማሁት። ትንሽ ቆየና ከፈተው። እንደገና ቆለፈ። እንደገና ከፈተ። ስድስት ዓመት ከውጭ ሲቆለፍበት ለኖረ ሰው ከዚህኛው በኩል ምን እንደሚመስል እየሞከረው ነው አልኩ። ጆሮዬን ጥዬ ሦስተኛውን ጠበቅኩ፤ መንገዱ ላይ ሰው እየቀነሰ ሄደ፣ እኔም ጠበቅኩ። ሦስተኛ ጊዜ አልቆለፈውም፤ ክፍቱን ተወልኝ።